ውርጭ ሲመጣ ሰላጣው የት ደርሷል?

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ደጋ ላይ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው። ሌሊቱ እንዲህ እየቀዘቀዘ ቅጠል ይበቅላል ወይ? ይበቅላል። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ስፒናች፣ ሩኮላ (ጥሬውን የሚበላ፣ ቆንጠጥ የሚያደርግ የሰላጣ ቅጠል)፣ ፌጦ ከሙቀት ይልቅ ብርድ የሚስማማቸው ናቸው። ብርዱ የሚጎዳቸው ገና ጨቅላ ሳሉ ሲደርስባቸው ነው። የዚህ ወር ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚህ ላይ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ የአንዱ መልስ ለሌላውም ይሆናል፣ ዘላችሁ አትለፉ።

«ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጓሮ ይዣለሁ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር መግቢያ ላይ ሰላጣ ዘራሁ። ጥሩ ሆኖ በቀለ። ሁለት ሦስት ቅጠል እንዳወጣ አንድ ሌሊት ውርጭ መታውና ጠዋት ላይ እንደተቀቀለ ሆኖ አገኘሁት። ከአጥር ወዲያ ጎረቤቴ ሰላጣ እየቆረጠ ይበላል። ችግሩ የዘሩ ነው ወይስ የእኔ?» (ከደብረ ብርሃን)

አባታችን፣ ዘሩ ምንም አልሆነም። በቅሎልዎታል እኮ። የተሳሳተው ቀኑ ነው።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ውርጩ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ይመላለሳል። ሰላጣ ደግሞ ከተዘራ ጀምሮ ጠንከር ያለ ተክል እስኪሆን ስድስት ሰባት ሳምንት ይፈልጋል። ኅዳር ላይ ሲዘሩት ሁለት ቅጠል ይዞ፣ ሥሩ ገና ሁለት ጣት ሳይወርድ የዓመቱ ክፉ ሌሊቶች ላይ ይደርሳል። ጎረቤትዎ ምናልባት ጳጉሜን ወይም መስከረም ላይ ዘርቷል፤ ውርጩ ሲመጣ የእሱ ሰላጣ ስምንት አሥር ቅጠል አለው፣ ብርዱንም ቀስ በቀስ ለምዶታል።

መልመድ ስል ዝም ብዬ አይደለም። ሌሊቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ተክሉ ቅጠሉ ውስጥ ስኳር ያጠራቅማል። ስኳር ያለበት ውሃ ቶሎ በረዶ አይሆንም። እኛ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብለን ለብርዱ ስንቅ እንደምንይዘው ቅጠሉም የራሱን ስንቅ ይይዛል። ውርጭ የቀመሰ ጎመንና ስፒናች የሚጣፍጠው በዚህ ምክንያት ነው። ግን ይህን ለማድረግ ቅጠል ያስፈልገዋል፣ ጊዜም ያስፈልገዋል። የእርስዎ ጨቅላ ሁለቱንም አላገኘም።

ስለዚህ ዘንድሮ እንዲህ ያድርጉ። ጳጉሜን ላይ፣ ከዘገየም መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ ዘሩን በሣጥን ወይም በአሮጌ ሳፋ (ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ይሁን) ዘርተው ጣሪያ ጥግ ያስቀምጡት። መደብ ላይ ወዲያው ቢዘሩት የክረምቱ ማብቂያ ዝናብና በረዶ ዘሩን ጠርጎ ይወስደዋል። የሰላጣ ዘር ጥልቀት አይፈልግም፣ ለመብቀል ብርሃን ይወዳል፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የተነፋ አፈር ብትንትን አድርጎበት መዳፍዎን ማሳረፍ ይበቃል። ከአምስት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። አራት አምስት ቅጠል ሲይዝ፣ ወደ መስከረም ማብቂያ ማለት ነው፣ በመደብ ላይ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር አራርቀው ይትከሉት። ማታ ይትከሉት እንጂ በቀትር አይሆንም።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ፣ ምክንያቱም ከቀኑ ቀጥሎ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ቀን ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች። ማታ ደመና ካለ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ይይዝለታል። ሰማዩ ጥርት ካለና ነፋስ ከሌለ ግን ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል፤ ቅጠሉ በዙሪያው ካለው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ቴርሞሜትሩ 2 ዲግሪ እያለ ቅጠል ላይ ነጭ ውርጭ የምናየው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። ጓሮዎ ተዳፋት ከሆነና መደብዎ ታች አጥሩ ሥር ካለ፣ ከላይ የወረደው ብርድ ሁሉ እዚያ ይታቆራል። መደቡን ወደ ላይ ያውጡት። የድንጋይ ካብ ወይም የቤት ግድግዳ አጠገብ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው፣ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል።

ክፉ ሌሊት ሲመጣስ? ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ነፋሱም ጸጥ ካለ፣ ያን ቀን ጠዋት ወይም እኩለ ቀን ላይ አፈሩን በደንብ ያጠጡ። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ከዚያ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ 11 ሰዓት ግድም፣ ይሸፍኑት። ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ ቅስት ሠርተው በላዩ ጆንያ፣ አሮጌ ጋቢ ወይም አንሶላ ይጣሉበት፣ ዳሩም መሬት ይንካ፤ የምንይዘው ሙቀት የሚመጣው ከመሬቱ ነውና። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን አያስነኩት፣ የነካው ቅጠል ይቃጠላል። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ይግለጡት።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ጠዋት ቅጠሉ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ሆኖ ቢያገኙት አይንኩት፣ አይቁረጡትም። በራሱ ጊዜ ይፍታ። ብዙ ሰው ያን ሰዓት ነካክቶት ነው ሞተ ብሎ የሚነቅለው፣ ሁለት ሰዓት ቢጠብቅ ግን ቀና ብሎ ያገኘው ነበር።

«ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። በረንዳ ላይ በፕላስቲክ ዕቃ ሰላጣና ሩኮላ ዘራሁ። ይበቅላል፤ ሳምንት ሳይሞላው ግን ቀጭን ሆኖ ይዘረጋና ከሥሩ እየጠቆረ ይወድቃል። ሦስቴ ሞክሬ ሦስቴም እንደዛው። ጠዋት ማታ ነው የማጠጣው።» (ከአዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ጠዋት ማታ የምታጠጣው ነው የገደለው። ከሥሩ ጠቁሮ የሚወድቅ ችግኝ ሻጋታ የያዘው ነው፤ ሻጋታው የሚኖረው ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ፣ አየር በማያገኝ፣ ችግኝ በተጨናነቀበት አፈር ላይ ነው። ሦስቱንም እናስተካክል።

መጀመሪያ ዕቃው። ከሥሩ ቀዳዳ አለው? ብዙ ጊዜ ችግሩ ይሄ ነው። ቢጫ ጄሪካን በጎኑ ቁረጥና ሥሩን በጋለ ምስማር አሥር ቦታ ብሳው። ለሰላጣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። አፈሩ ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይሁን። ባለፈው የተጠቀምክበትን አፈር ግን አትመልሰው፣ ሻጋታውም አብሮ ይመለሳል።

ውሃው ደግሞ፣ ጣትህን አንድ አንጓ ያህል አፈሩ ውስጥ አስገባ። እርጥብ ከሆነ ተወው። ከደረቀ ጠዋት አጠጣ፣ ማታ አይደለም። ቀጭን ሆኖ የሚዘረጋው ብርሃን እየፈለገ ነው፤ በረንዳህ ፀሐይ የምታገኘው በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነ ዕቃውን ወደ ጠርዙ አውጣው ወይም ግድግዳውን ነጭ ቀባው፣ ነጭ ግድግዳ ብርሃን ይመልሳል።

የተጨናነቀውን ችግኝ ማሳሳቱን (ከመሐሉ እያነሱ ማራራቁን) ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ እኔም እረዳዋለሁ፣ በእጅህ ያበቀልከውን መንቀል ከባድ ነው። ግን አንድ ቁንጥር የሰላጣ ዘር ውስጥ ከመቶ በላይ ፍሬ አለ። ሁሉም አብረው አያድጉም። በመቀስ ከሥር ቁረጣቸውና ብላቸው፣ የጨቅላ ሰላጣ ጣዕም ከትልቁ ይበልጣል። በሁለት ችግኝ መካከል መጀመሪያ ሦስት ጣት፣ በኋላ አንድ ስንዝር ይሁን። ሩኮላው ሊጠጋጋ ይችላል፣ እሱ ከ30 እስከ 40 ቀን ውስጥ ይደርሳል፤ ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ አድርገህ ብትቆርጠው ደግሞ ያቆጠቁጣል።

«እህቴ ከጀርመን የስፒናች ዘር ላከችልኝ። ሰዎች ‹ስፒናች ማለት ቆስጣ ነው› ይሉኛል። ፓኬቱ ደግሞ በጸደይና በመኸር ብቻ ዝሩ ይላል። እኛ አገር መቼ ልዝራው?» (ከአዲስ አበባ)

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዘመዳሞች ናቸው። ቆስጣ የቀይ ሥር የቅርብ ወንድም ነው፣ ቅጠሉ እንዲበላ የተመረጠ ቀይ ሥር በይው። ስፒናች ለብቻው ያለ፣ ቅጠሉ ያነሰና የለሰለሰ፣ ጥሬውን ለሰላጣ የሚሆን ነው። ብርድ መቻል ላይ ስፒናች ይበልጣል፤ ከዜሮ በታች 6 እና 7 ዲግሪ እንኳ ችሎ ያድራል። ቆስጣ ቀላል ውርጭ ይችላል፣ ጠንካራው ግን የውጩን ቅጠል ያበላሽበታል፤ መሐሉ ከተረፈ መልሶ ያቆጠቁጣል።

የፓኬቱን ጽሑፍ ተይው፣ ለእነሱ እውነት ነው ለአንቺ አይደለም። አውሮፓ በበጋ ቀኑ በጣም ይረዝማል። ስፒናች ቀኑ ወደ 14 ሰዓት ሲጠጋ «ጊዜው ደርሷል» ብሎ ቅጠል መስጠቱን ትቶ ግንድና አበባ ያወጣል። እኛ ጋ የዓመቱ ረጅም ቀን እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፣ ብዙ ሰውም አያስተውለውም። ደጋ ላይ ውሃ እስካለሽ ድረስ ስፒናች ዓመቱን ሙሉ ትዘሪያለሽ፤ የምትሸሺው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ የሐምሌና የነሐሴ የዝናብ ብዛት እና የመጋቢት ደረቅ ሐሩር። ለእኔ ምርጡ ጊዜ ከመስከረም 15 እስከ ጥቅምት 10 ነው። ያኔ ከዘራሽ ለነቢያት ጾም፣ ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ ወይም ገባ እንዳለ፣ ከጓሮሽ እየቆረጥሽ ትበያለሽ።

የስፒናች ዘር አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይግባ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ ተስፋ አትቁረጪ። የቆስጣ ዘር ግን ሻካራዋ ፍሬ አንድ ዘር አይደለችም፣ ሁለት ሦስት ዘር ተጣብቆ ነው። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሪያት፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቅበሪያት፣ ከአንድ ቦታ ሦስት ችግኝ ሲወጣ አንዱን ትተሽ ሌላውን ቁረጪ።

«ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለነው፣ ሜሪላንድ። ከቤቱ ጀርባ ትንሽ መሬት አለን። ልጆቹ ሰላጣ ይወዳሉ። አገር ቤት ዓመቱን ሙሉ ጎመን ነበረን፣ እዚህ ግን ኖቬምበር ሲገባ ሁሉም ነገር ይቆማል። የሐበሻ ጎመን ዘርም ከአዲስ አበባ ላስመጣ አስቤ ነበር።» (ከሜሪላንድ)

እህቴ፣ እናንተ ጋ የሚቆመው በብርዱ ብቻ አይደለም፣ በብርሃኑም ነው። እዚያ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ ማብቂያ ድረስ የቀኑ ርዝመት ከ10 ሰዓት በታች ይወርዳል። በዚያ ብርሃን ቅጠል አይሞትም፣ ግን አያድግም። ስለዚህ ዲሴምበር ላይ የምትበይው ኖቬምበር ላይ ያደገ መሆን አለበት። መሬቱን እንደ ፍሪጅ ቁጠሪው፤ ሞልተሽ ነው የምታስገቢው።

ይህ ማለት የምትዘሪው ኦገስት ማብቂያና ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ነው፣ ገና እያላበሽ። ችግሩ የሰላጣ ዘር አፈሩ ከ27 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይተኛል፣ አይበቅልም። ዘሩን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለሽ በላስቲክ አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ አራት አምስት ቀን አቆይው፣ ከዚያ ማታ ጥላ ቦታ ዝሪው። ይነቃል። ስፒናቹም ቅዝቃዜ ነው የሚፈልገው፣ ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ጨምሪበት። ሴፕቴምበር ማብቂያ ላይ የዘራሽው ደግሞ ትንሽ ሆኖ ክረምቱን ተኝቶ ያልፍና ፌብሯሪ ማብቂያ ላይ ብርሃኑ ሲመለስ ከማንም ቀድሞ ይነሳል። ያ የማርች ስፒናች ልጆችሽን ደስ ያሰኛቸዋል።

ለመሸፈን ውድ ነገር አያስፈልግም። የተጣለ የመስኮት መስታወት ካገኘሽ በአራት ጣውላ ሣጥን ሠርተሽ ከላይ ክደኚው፣ ወደ ደቡብ ዘንበል ይበል። ፀሐይ በወጣች ቀን ግን ጃንዋሪም ቢሆን ከፈት አድርጊው፣ ውስጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጋላልና ቅጠሉ ይበስላል። ብዙ ሰው መስታወት ሠርቶ ሰላጣውን የሚያጣው በብርድ ሳይሆን በዚህ ነው።

ስለ ጎመኑ፣ ዘር በሻንጣ እንዳታስመጪ። ያለ እፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አሜሪካ መግባት አይፈቀድለትም፣ ኤርፖርት ላይ ይወሰድብሻል። እዚያው የሚሸጠው ኮላርድ ለእኛ ጎመን የሚቀርብ ነው፣ ብዙ ሐበሻም ጎመን የሚሠራበት እሱ ነው። ጁላይ ማብቂያ ላይ ዝሪው፤ ውርጭ ከመታው በኋላ ቀቅለሽ ስትቀምሺው ልዩነቱን ታውቂዋለሽ። ኬል የሚባለው የጎመን ዓይነት ደግሞ ከሁሉም ብርድ የሚችል ነው፣ በረዶ ሥር ሆኖ ሳይቀር ይቆያል።

«ሰላጣ ጥሬውን መብላት እፈራለሁ። በወንዝ ውሃ የሚያጠጡት አለ ይባላል። ጓሮዬ ባመርተው ያ ስጋት ይቀራል?»

አብዛኛው ይቀራል፣ ውሃሽና ፍግሽ ንጹሕ ከሆኑ። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አቃቂ ያሉ ወንዞች የቤትም የፋብሪካም ፍሳሽ ይቀበላሉ፣ በዚያ ውሃ የለማ ቅጠል በጥሬው አይበላም። ስጋትሽ ልክ ነው። አንቺ ግን ጓሮሽም ላይ ትኩስ ፍግ ለሰላጣ አትጨምሪ። ፍግ በደንብ ይበስብስ፣ ካልሆነ ደግሞ መሬት ውስጥ ከገባ አራት ወር ይለፈው። ውሃውን በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በሥሩ አፍስሺ። ከዚያም በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቅጠል በቅጠል እጠቢ። ኮምጣጤና ሎሚ ይረዳል፣ የተውሳክ እንቁላልን ግን ሙሉ በሙሉ አያስወግድም፣ እሱን ተማምነሽ የማታውቂውን ሰላጣ አትብዪ።

«ልጄ፣ ፌጦ ቅጠሉም ይበላል የሚሉ ሰምቼ ገረመኝ። እኛ ዘሩን ለፍትፍትና ለሆድ ሕመም ነው የምናውቀው።» (ከደሴ)

እናቴ፣ ይበላል፤ እንዲያውም ከዘረዘርኳቸው ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው። ገበሬው ከጤፍ ማሳ ዳር ለዘሩ ብሎ ይዘራዋል፤ አውሮፓ ውስጥ ግን ያችኑ ተክል ቡቃያዋን ነው የሚወዷት፣ እንቁላልና ዳቦ ላይ ነስንሰው ይበሏታል። ቅጠሉ እንደ ሰናፍጭ ቆንጠጥ ያደርጋል።

ከገበያ የገዙት ፌጦ ሳይቆላ፣ ሳይወቀጥ ሙሉ ፍሬ ከሆነ ይበቅላል። ሳህን ላይ ጥጥ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ያንጥፉ፣ ያርጥቡት፣ ፌጦውን ደረቁን ይበትኑበት። አስቀድመው አይዘፍዝፉት፣ ውሃ ሲነካው ይዝለገለግና አንድ ላይ ይጣበቃል። አፈርም አያልብሱት። በሦስተኛው ቀን ይበቅላል፣ በአሥረኛው ቀን በመቀስ ይቆርጡታል። መደብ ላይ ከዘሩት ደግሞ በሦስት ሳምንት ጥሩ ቅጠል ይይዛል፣ የደሴ ብርድ ምንም አይለውም። በየአሥር ቀኑ አንድ እፍኝ ቢዘሩ ከቤትዎ አይጠፋም። የጾም ፍትፍቱ ላይ ቅጠሉን ከትፈው ቃሪያና ሽንኩርት ጨምረው ይሞክሩት፣ ከዚያ እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ።